ክረምት ይዤ ወደ እትዬ ሳቺኮ ሻይ ቤት

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ መርሳ ውስጥ አንዲት ብሎን እንኳ በሰላም አጥብቄ አላውቅም። የውሃ ፓምፕ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ፓምፑን መሬት ላይ ያጋድመውና «እስቲ ስለ ጃፓን አውራን» ይለኛል። ለአንዱ፣ ፎቆቻቸው ከመርዘማቸው የተነሳ ምድር ቤት የዘነበውን ዝናብ ላይኛው ፎቅ በማግስቱ በሬዲዮ ይሰማል ብዬዋለሁ። ለሌላው፣ ባቡራቸው ሳይነሳ ይደርሳል ብዬዋለሁ። እነዚህ ሁለቱ ትንሽ ተጋንነው ይሆናል። የሻዩ ነገር ግን ማጋነን አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ቀንሼ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጉዳይ ይታወቅ። የሟች ወንድሜ ልጅ ትርንጎ ጃፓን ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ፣ ኬንጂ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች። ኬንጂን እኛም እናውቀዋለን። ሲሪንቃ አካባቢ ማሽላ ሊያጠና መጥቶ መርሳ ቤት ተከራይቶ ነበር፤ ያኔ አብራው መጥታ ያስተረጎመችለትም ትርንጎ ነበረች። ችግሩ እናቱ ናቸው። እትዬ ሳቺኮ ይባላሉ፤ ኪዮቶ ከምትባል ከተማ ዳር የሻይ ሥርዓት የሚያስተምሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ስለ ጋብቻው ሲጠየቁ እሺም እምቢም አላሉም። «የልጅቷን ወገን አምጡልኝና በእጄ ሻይ ላጠጣው። መልሴ ከዚያ በኋላ ነው» ብቻ አሉ።

እኛ አገር ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን ነው። ይሄኛው ተገልብጦ የሴቷ ሽማግሌ ባሕር ተሻግሮ ሊመረመር ሆነ። የተመረጥኩትም በአስተዋይነቴ እንዳይመስላችሁ፤ ከዘመዱ ሁሉ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ደግሞም ክረምት ነው፤ ሰማዩ በነጻ እያጠጣ ፓምፕ የሚያስጠግን ገበሬ ስለሌለ ሱቄ ውስጥ ሥራዬ ዝንብ ማባረር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልነሳ ስል እትዬ ሳቺኮ በስልክ ጽፈው ላኩልኝ። ስልኩ ሲተረጉመው «እርስዎ በሚመጡበት ጊዜ በአገርዎ ወቅቱ ምንድን ነው? ቤቴን ለእርስዎ እንዲስማማ አድርጌ ላሰናዳ» ይላል። ለትርንጎ ደውዬ ላማክራት ነበር። ከዚያ ግን፣ ሽማግሌ ተብዬ አንዲት ቃል ለመመለስ ልጅ ልጠይቅ? አልኩ። ተማሪ ቤት ሳለን መምህራችን በጋ ሰመር፣ ክረምት ዊንተር ብለው በአለንጋ ጭምር አስጠንተውናል። ስልኩ ቢሳሳት እንኳ እኔ አልሳሳትም ብዬ በገዛ እጄ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። «ዊንተር። ቬሪ ዊንተር።» እሳቸውም እጅ የምትነሳ ትንሽ ሴት ሥዕል መልሰው ላኩልኝ። ተግባባን።

እሑድ

ወደ ጃፓን የሚወስደው መንገድ ከመርሳ ወደ ደቡብ ነው። እኔ ግን በሰሜን ጀመርኩ። የትርንጎ እናት ስንዱ ያለችው ወልድያ ነው፤ እሷን ሳልሰናበት ብሄድ አውሮፕላኑን ከሰማይ ታወርደው ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ፣ ማንጎ በዘንቢል የያዙ እናት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ጃፓን» አልኳቸው።

«በወልድያ በኩል ነው እንዴ?»

«በወልድያ ይቀርባል፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ስትመለስ ጀሪካን አምጣልኝ። የእነሱ አይሰበርም አሉ።»

ስንዱ አዲስ ጋቢ አጣጥፋ ትጠብቀኝ ነበር። ከአውራ በግ የሚከብድ፣ አራት ክንድ ከእነ ጥለቱ። «አያ ሞላ፣ ይሄን ከትከሻህ እንዳታወርድ» አለችኝ። «ያለ ጋቢ የሄደ ሽማግሌ ምኑን ሽማግሌ ነው? ደላላ ነው የሚመስለው።»

ጎረቤቷ እትዬ ዘይነባም ሊሰናበቱኝ መጥተው ኖሮ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጣልቃ ገቡ። «አማቲቱ ሻይ ቤት አላቸው አሉ፣ እውነት ነው? ወላሂ ይገርማል። ልጅቱ ሻይ ቤት ፍለጋ እስከ ጃፓን? እዚሁ መናኸሪያው በር ላይ ስንቱ ተደርድሮ እያለ!»

«ብስኩትም ይሸጣሉ ይባላል» አልኩ እኔ።

ስንዱ አልሳቀችም። «ቀልዱን ተዉት» አለች። «ልጄ ይሄን ሁሉ ጊዜ የሴትየዋን ፊት እያየች ነው የምታድረው። ስትደውል ድምጿ ቀጥኗል። እሺ ካሉም እሺ፣ እምቢ ካሉም እምቢ፤ ብቻ ቁርጡን ይዘህልኝ ና።»

እኔም ጋቢውን ደረብኩ። ከስንዱ ጋር የሚያስቀልደው እስከተወሰነ ድረስ ነው።

ሰኞ

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከወልድያ ተነስቶ ሲሪንቃን አለፈና መርሳ ሲደርስ ተሳፋሪ ሊጭን የገዛ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ጎረቤቴ ሰይድ በመስኮት አየኝ።

«ኧረ ሞላ! ተመለስክ? እንዴት ነበር ጃፓን?»

«ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ብቻ አስቸገረን።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደህና መጣህ!» አለኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን እያውለበለበ ቀረ። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተግባባንም።

ውርጌሳ ላይ ዝናቡ ጠነከረ። የአውቶቡሱ ጣሪያ ከስልሳው ወንበር መርጦ እኔ ራስ ላይ ያፈስ ጀመር። ረዳቱን ብጠራው ቀና ብሎ አየና «አይዞህ ፋዘር፣ ሐይቅን ስናልፍ ያባራል» አለኝ። ሐይቅን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን አለፍን፤ አላባራም። አዲስ አበባ ስገባ ጋቢው የኖኅን ዘመን ውሃ ይዞ ነበር። ያደርኩባት ትንሽ ፔንሲዮን ባለቤት አየችኝና ሳልጠይቃት ከትከሻዬ ገፈፈችው። «ጃፓን በእርጥብ ጋቢ ይኬዳል እንዴ?» ብላ ካውያ አግላ፣ ጥለቱን ጨርቅ እያለበሰች፣ ስትተኩስልኝ አመሸች። ሻይም አመጣችልኝ፤ በብርጭቆ፣ ስኳሩ እስከ ወገቡ። የመጨረሻዋ ስኳር ያየሁባት ሻይ እሷ ናት።

ማክሰኞ

ተቀመጥኩ። በረርን። ተቀመጥኩ። አገር ሁሉ ከታች አለፈ፤ እኔ አሁንም ተቀምጬ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

ረቡዕ

ቶኪዮ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ሲከፈት የቆቦ ፀሐይ ላይ ያላገጥኩበትን ቀን ሁሉ ይቅርታ ጠየቅሁ። ወበቁ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው። ዛፎቻቸው ላይ የሚቀመጡ ነፍሳት አሉ፤ መቶ የብየዳ ማሽን አንድ ላይ የተከፈተ ይመስል ይጮኻሉ። ትርንጎ ከሕዝቡ መካከል ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ስትል አቀፍኳት። ከስታለች።

«ጋሼ፣ ኧረ ይሄን ጋቢ ያውልቁት! ሰው ሁሉ እያየን ነው!»

«እናትሽ ካየችኝስ?»

«ከወልድያ?»

«እናትሽን አታውቂያትም።»

ኬንጂ ሻንጣዬን ተቀበለ። አማርኛውን የለመደው መርሳ ሚኒባስ ውስጥ ስለሆነ ሰላምታውም የረዳት ነው። «ጋሼ ሞላ! ሰላም ነው? ገባ ገባ በሉ! ጠጋ ጠጋ!» እያለ ባቡር ውስጥ አስገባኝ። ስለ ባቡሩ ተናግሬ አልጨርስም። ሁለት ጊዜ አስነጥሻለሁ፤ አንደኛው መርሳ፣ ሁለተኛው ወልድያ ላይ ቢሆን ሲሪንቃን ሳላያት ባለፍኩ ነበር።

እትዬ ሳቺኮ በር ላይ ተንበርክከው ነበር የሚጠብቁን። ቀጭን፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ዓይናቸው እንደ ፈታኝ መምህር። እጅ ነሱኝ። እኔም ነሳሁ። ከእኔ ዝቅ ብለው ደገሙ። የወሎ ሰው በትሕትና እንዴት ይበለጣል ብዬ እኔም ዝቅ ዝቅ ስል ግንባሬ ደፉን ሳመና ድምፅ አሰማ። ከዚያ ቀና ብለው ጋቢዬን ጫፉን በሁለት ጣት ዳሰሱት፤ ዓይናቸው በራ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«‹ጽፈውልኝ ነበር፤ እውነትም እንደተናገሩት ነው› አሉ» አለች ትርንጎ። «ምን ጽፈውላቸው ነው?»

«የሽማግሌ ወሬ ነው። አይመለከትሽም።»

እራት ቀረበ። እሳት ከነምድጃው ገበታው ላይ ተቀመጠና በላዩ የሸክላ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ረቡዕ መሆኑን ትርንጎ አስቀድማ ስለነገረች ሥጋ የለበትም፤ ጎመን፣ እንጉዳይና ከአኩሪ አተር የተሠራ አይብ የመሰለ ነገር ነው። በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። እትዬ ሳቺኮ ጨልፈው ይሰጡኛል፣ እኔ አልባለሁ፣ እሳቸው ይጨምሩልኛል። ኬንጂና ትርንጎ ይተያያሉ። ልተኛ ስገባ ደግሞ አልጋ የለም፤ ምንጣፉ ላይ የተነጠፈ ወፍራም ፍራሽ ነው። እግሬን ወደ ውስጥ ስሰድ አንድ የሚያቃጥል ነገር ነካኝና ጮኼ ዘለልኩ። የፈላ ውሃ የሞላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳ ነው። እግሬ እንዳይበርደው አስበው እትዬ ሳቺኮ አስገብተውልኛል! የአገሩ ልማድ ነው ብዬ ኮዳውን አቅፌ፣ በላብ እየዋኘሁ ተኛሁ።

ሐሙስ

እትዬ ሳቺኮ ወደ ገበያ ሲወጡ ትርንጎ የሻይ ዕቃው ያለበትን ክፍል አሳየችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ብስኩት የሚሸጥበት ክፍል ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ነበር። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ በእንጨት ሣጥን ሞልቷል።

«ይሄ ለሞቃት ወራት ነው» አለችኝ አንድ ገበታ የመሰለ ሰፊ፣ ጎድጓዳነት የሌለው ጣባ አውጥታ። «ሻዩ ቶሎ እንዲበርድ። ይሄኛው ለብርድ ነው።» ሁለተኛው ጠባብና ረጅም ነው፤ ሙቀቱን አቅፎ ይይዛል። በብርድ ወራት ወለሉ ውስጥ የተቆፈረው ምድጃ ተከፍቶ እንግዳው እሳቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሙቀት ሲመጣ ምድጃው በምንጣፍ ይከደንና ትንሽ ማንደጃ ከእንግዳው ራቅ ብላ ትቀመጣለች፣ እሳቱ ዓይኑን እንኳ እንዳያሞቀው። የወረቀቱ በር ይወጣና ነፋስ የሚያስገባ የሸምበቆ በር ይገባል። ጣፋጩ ይቀየራል፤ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ጽሑፍ፣ አበባው፣ የልብሱ ውፍረት ሁሉ ይቀየራል።

እኛ ዘንድ ለክረምት የሚቀየር ዕቃ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ነው፤ እሱም የተገኘ እንደሆነ።

«አንቺስ ታፈያለሽ?» አልኳት።

«እኔ አጥባለሁ። ዕቃ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ሣጥን ውስጥ እመልሳለሁ። እንግዳ ፊት እንድቀመጥ ፈቅደውልኝ አያውቁም።»

ይሄን እያለች ከሻይ ክፍሉ የእንጨት ድምፅ ሰማን። ሄደን ብናይ አንድ አናጢ ምንጣፉን አንስቶ የወለሉን ምድጃ እየከፈተ ነው። የሸምበቆው በር ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። የወረቀቱ በር ተመልሶ ገብቷል። ትርንጎ በሩን ይዛ ቆመች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ እምቢ ብለዋል።»

«መቼ አሉ? ገበያ አይደሉም እንዴ?»

«እሳቸው በአፍ አይናገሩም። በዕቃ ነው የሚናገሩት። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ወቅቱ ያለፈበት ጣባ ብታወጣ ዕቃውን በሙሉ ሰብስበው ትምህርቱን ዘግተዋል። አሁን በዚህ ሙቀት ምድጃ ሲያስከፍቱ ምን ማለታቸው ነው? ‹ይሄ ጋብቻ ያለ ወቅቱ የመጣ ነገር ነው› እያሉን ነው። ለዚህ ነው ትናንት በእሳት የቀቀሉዎት!»

ኬንጂም መጥቶ ምድጃውን አየና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ልጁ ጃፓናዊ ነው፤ ሲያዝን እንኳ ቦታ አይዝም።

እኔም ተረት አውርቼ ላስቃቸው ሞከርኩ፤ የሚስቅ ጠፋ። በመጨረሻ «የእሳት ፈተና ከሆነ እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ፤ ጋቢዬን ሳላወልቅ እጨርሰዋለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ከዚያ በጉልበት መቀመጥ እንዲያለማምዱኝ ጠየቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ልነሳ ስል እግሮቼ ከእኔ ጋር አልነበሩም። ኬንጂ ብብቴን፣ ትርንጎ ቀበቶዬን ይዘው እንደ ተበላሸ ፓምፕ ጎትተው አወጡኝ።

ዓርብ

ወደ ሻይ ክፍሉ የሚገባው በበር አይደለም፤ የዶሮ ቆጥ መግቢያ በምታህል ቀዳዳ ነው። ትልቅም ትንሽም ሰው ዝቅ ብሎ እንዲገባ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አሉኝ። ራሴ ገባ፣ ትከሻዬ ገባ፣ ጋቢው ቀዳዳው ላይ ተሰነቀረ። ከኋላዬ ኬንጂ «ጠጋ! ጠጋ በሉ ጋሼ!» እያለ ገፍቶ አስገባኝ።

ውስጡ የዳቦ መጋገሪያ ነው። ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ቀልቷል፣ ብረት ምንቸቱ ያፏጫል፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ከእኔ ሌላ ሁለት የእትዬ ሳቺኮ ነባር ተማሪዎች በእንግድነት ተጠርተዋል፤ የደረቡት ኪሞኖ የሚሉትን ወፍራም የብርድ ቀሚስ ነው። የአንደኛዋ መኳኳያ ዱቄት ፊቷን ትቶ ወደ አንገቷ እየተሰደደ ነበር። ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እትዬ ሳቺኮ ላይ ብቻ የላብ ዘር የለም።

መጀመሪያ ጣፋጭ መጣ፤ ከቀይ ባቄላ የተሠራ፣ እንፋሎቱ የሚጤስ ትንሽ ዳቦ። ዓርብ ነበርና የጾም መሆኑ ደስ አለኝ። ከዚያ እሳቸው ሐር ጨርቅ አጥፈው ማንኪያዋን ጠረጓት፤ አጠራረጋቸው ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነው። አረንጓዴውን የሻይ ዱቄት በጠባቡ ጣባ ውስጥ ጨምረው፣ ውሃ አፍስሰው፣ በቀርከሃ መምቻ መቱት። አረፋ ያወጣ የጎመን ጭማቂ መሰለ። ጣባውን እንደተማርኩት በመዳፌ ላይ አዙሬ ጠጣሁ። ስኳር የለውም። የመጨረሻዋን ጉንጭ ደግሞ ድምፅ አውጥቶ መሳብ የአገሩ ጨዋነት ነው። እናቴ ልጅ ሳለሁ ለዚህ ነገር ስንት ጊዜ በማማሰያ መታኛለች! ለእሷ መታሰቢያ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሳብኩት።

አሁን የፊተኛው እንግዳ የዕቃውን ስም መጠየቅ አለበት። ማንኪያዋ እንደ ሰው ስም አላት፤ ስሟም ከወቅቱ ይወሰዳል። ጋቢዬ ውስጥ ልቀልጥ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ጠየቅሁ። ትርንጎ ከጥግ ሆና አስተረጎመች።

«‹የሌሊት በረዶ› ትባላለች አሉ። ‹እንግዳዬ አገሩን ጥሎ የመጣ እንዳይመስለው ብዬ መረጥኳት። አሁን መንደራቸው በረዶ ለብሶ ይሆናል› ይላሉ።»

«ጥሎብናልማ!» አልኩ ሰው ቤቴን ስለጠየቀኝ ደስ ብሎኝ። «በቀደም ዕለት የሰይድን ቆርቆሮ በሳው፤ ያንዱ ፍሬ ለውዝ ያክላል በያቸው።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እሳቸው የሚሉት እንደ ጥጥ የሚወርደውን፣ መሬቱን ነጭ የሚያደርገውን በረዶ ነው። እሱ መርሳ የት አለ?» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ቆይ። ወቅቱን ጠይቀውዎት ነበር? ምን ብለው ጻፉላቸው?»

«ክረምት ነው አልኳ። ዊንተር።»

ኬንጂ ግንባሩን ያዘ። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «እነሱ ዊንተር የሚሉት የብርዱን ወራት ነው፣ ጋሼ። የእኛን ጥር። አንቱ ብርድ ውስጥ ነኝ ብለዋቸው እሳቸው ብርድ አሰናዱልዎ!»

ያ ሁሉ የእሳት ገበታ፣ ያ ኮዳ፣ ያ ምድጃ! ሴትየዋ እምቢ ሳይሉ ኖሯል፤ ለአንድ ጋቢ ለለበሰ ሰው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያከበሩትን ሥርዓት አፍርሰውልኝ ኖሯል። እሱንም በእኔ ቃል።

«ምን ልበላቸው?» አለች ትርንጎ። «ከነገርኳቸው ተማሪዎቻቸው ፊት ያፍራሉ። ይቅር የሚሉኝ አይመስለኝም።»

«ንገሪያቸው። ሻይ ካጠጡኝ በኋላ አልዋሻቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው በይ፤ ክረምት ምን እንደሆነም ንገሪልኝ።»

ነገረቻቸው። እኔም ከኋላ እየጨመርኩ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ድልድይ እንደሚደፍር፣ በቆሎው ከሰው እንደሚበልጥ፣ እንቁራሪቱ እንዴት እንደሚንጫጫ፣ ፓምፕ ሁሉ ሥራ ፈትቶ እኔም እንደምፈታ። ሲያባራ ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ የሀብሩ ተራራ እንደ ታጠበ ሰሐን እንደሚያበራ። እትዬ ሳቺኮ አንድም ጊዜ አላቋረጡንም። ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«‹ስለዚህ አይበርድም?› ነው የሚሉት።»

«በዚህ ጋቢ ውስጥ? በፍጹም!»

ተነስተው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ተማሪዎች ምንጣፉን ያያሉ። ትርንጎ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ከጀርባው ውሃ ሲቀዳ ይሰማል፣ ሣጥን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሻንጣዬን እያስያዙልኝ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ የወረቀቱ በር ተነቅሎ ወጣ። ነፋስ ገባ፤ ጋቢዬን ባወልቅ እንፋሎት ወጣ። እትዬ ሳቺኮ ሰፊውን፣ ገበታ የመሰለውን ጣባ ይዘው መጡ። የውሃውን ማሰሮ ክዳኑን ትተው በአንድ ሰፊ አረንጓዴ ቅጠል ከድነውታል፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ረጭተውበት ጠብታው ይንከባለላል። የምድጃውን እሳት በአመድ አዳፈኑና ከአስተናጋጅነት ቦታቸው ፈቀቅ አሉ። ትርንጎን ጠቅሰው በእጃቸው ቦታውን አሳዩአት።

ትርንጎ አልገባትም። ደገሙላት። «‹ይሄን ወቅት እኔ አላውቀውም። አንቺ አፍዪ› አሉ» አለኝ ኬንጂ በሹክሹክታ።

ትርንጎ ሄዳ ተቀመጠች። ዱቄቱን ስትጨምር ማንኪያዋ የጣባውን ጠርዝ ነካች። ውሃ ስትጨምር አበዛችው። መምቻውን ገና ከማንሳቷ እትዬ ሳቺኮ ጮኹ። እውነቴን ነው፣ እኚያ እስትንፋሳቸው የማይሰማ ሴት! ክንዷን መታ አደረጉ፣ ጣታቸውን አወናጨፉ፣ ወደ ውሃው አመለከቱ፣ ደግመው ጮኹ።

«ምን እያሉ ነው?»

«‹በክንድሽ አይደለም፣ በእጅሽ አንጓ! ውሃው ሲበዛ አታይም? ዓይንሽ የት ነው?›» አለ ኬንጂ።

ልነሳ ስል ኬንጂ እጅጌዬን ያዘኝ። ፊቱ በላብና በእንባ ርሷል፣ ግን ይስቃል። «ዝም ጋሼ ሞላ፣ ዝም! እማማ ተማሪ ተቆጥታ አታውቅም። ተማሪ ሲያጠፋ ዕቃ ነው የምትሰበስበው። እንዲህ የምትጮኸው እኔ ላይ ብቻ ነው!»

ሁለቱ ተማሪዎች ተያዩ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረው ግንባራቸው ምንጣፍ እስኪነካ እጅ ነሱ፤ ለቤቱ ልጅ እንደሚነሳው። ትርንጎ ሰፊውን ጣባ አቀረበችልኝ። ሻዩ ቀጥኖ ነበር፣ አረፋውም ግማሽ ነው። እትዬ ሳቺኮ ከጎኗ ሆነው እስከ መጨረሻው ያጉረመርሙባት ነበር።

ወልድያ

ስመለስ ዝናቡ እንደተውኩት ነበር። ከመናኸሪያው በባጃጅ ስንዱ ቤት በር ላይ ወረድኩ። ቁጭ በል እንኳ ሳትለኝ ጠየቀችኝ።

«እሺ አሉ?»

«እሺ የሚለውን ቃል አላሉም።»

ፊቷ ጠቆረ። «እምቢ አሉ?»

«ተቆጧት። በሰው ፊት። ‹ዓይንሽ የት ነው!› ብለው ጮኹባት፣ ክንዷንም መታ አደረጓት። ልጃቸው ደግሞ ‹ከእኔ በቀር እንዲህ የሚቆጡት ሰው የለም› አለኝ።»

ስንዱ ቆማ አሰበችው። «እስቲ እሳቸው እንዳሉት አድርገህ ድገመው» አለችኝ። እኔም ጃፓንኛ ባልችልም ችዬ፣ ጣቴን እያወናጨፍኩ፣ ግድግዳው እስኪሰማ ጮኽኩላት። እልልታዋ ከዚያ ነው የጀመረው። እትዬ ዘይነባ ፌስታል ራሳቸው ላይ ደፍተው በዝናቡ ውስጥ እየሮጡ መጡ።

«ምን ተገኘ? ተዳረች?»

«ተቆጧት!» አለች ስንዱ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «ልጄን እንደ ልጃቸው ተቆጡልኝ!»